የፈረሰ ቤት ጣውላ ወዴት ይሄዳል?

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት ወራት በአማራ ክልል ገጠሮች የቤት መሥሪያና የሠርግ ወራት ናቸው። ከጥር ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አሮጌው ቤት ፈርሶ አዲሱ ይቆማል፣ ልጅ ይዳራል፣ ጎጆ ይወጣል። ጎጆ ለሚወጡት ደግሞ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁም ሣጥን ያስፈልጋል። በነዚሁ ሳምንታት በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲደረግ ማየት የተለመደ ነው። ለሙሽሮቹ አልጋ ተብሎ ከማሳ ዳር የቆመ ዋንዛ ይወድቃል። ከፈረሰው ቤት የወጣው፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ጢስ ሲጠጣ የኖረው የዋንዛ ሳንቃና የጥድ ምሰሶ ደግሞ ተፈልጦ ከድግሱ ወጥ ድስት ሥር ይነዳል።

ይህ ብክነት በየዓመቱ ቢደጋገምም በማንም ዕቅድ ውስጥ አይታይም። የግብርና ጽሕፈት ቤት ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይቆጥራል። ስንት ግንድ እንደተቆረጠ የሚጠይቅ የደን ባለሙያም አለ። አንድ ጊዜ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ቤት ሆኖ አገልግሎ የተመለሰው እንጨት ግን ጠያቂ የለውም። ቁራሌው እንኳ በየመንደሩ እየዞረ ጠርሙስና ብረት ሲሰበስብ እንጨቱን አልፎት ይሄዳል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በምናለሽ ተራ ያረጀ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ጎማ ተመልሶ ዕቃ መሆን ከጀመረ ዘመን የለውም። እንጨት ያን ያህል ወግ አላገኘም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የሚነደው የእንጨት ዓይነት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት አገር በቀል ዛፎች፣ ማለትም ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተክቷል። አራቱ ዛፎች ግን ዛሬም እንደልብ የሚገኙ አይደሉም። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች በዕድሜ የገፋ ዝግባ ወይም ጥድ ማየት የፈለገ ሰው በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከአጸዱ አጥር ውጭ ያለው መሬት ግን አብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነው።

እርግጥ ነው፣ ለደን መመናመን ዋናው ምክንያት የአናጺ መጋዝ አይደለም። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባቀረበችው የደን መነሻ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ያህል ደን ጠፍቷል፤ ከዚህ ውስጥ ብዙውን የወሰደው የእርሻ መሬት መስፋፋት ነው። ይሁን እንጂ በየማሳው ዳር ተበትነው የቀሩትን ወፋፍራም ዋንዛዎች የሚፈልጋቸው ጣውላ ፈላጊ ነው። ለማገዶ ባሕር ዛፍ አለ። ለአልጋና ለቁም ሣጥን ግን ገዢው ዛሬም "ዋንዛ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል።

ዋንዛ በማሳ ዳር ቆሞ የሚሰጠውን አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ነጭ አበባው የንብ ቀለብ ነው። ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፤ ቅጠሉ በበጋ ለከብት ይቆረጣል፤ ረግፎ ሲበሰብስም አፈሩን ያለሰልሳል። ቡና ባለበት ወረዳ ጥላው ይፈለጋል። ዛሬ የተተከለ ዋንዛ ደህና ጣውላ ሲወጣው ደግሞ የተከለው ሰው ልጅ አባወራ ይሆናል።

በዚህ ላይ ቀላል ስሌት መሥራት ይቻላል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ 50 ፍሬ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ እንጨት ይሞላል። ግንድ ሲሰነጠቅ ግማሽ ያህሉ በብናኝ፣ በቅርፊትና በጠርዝ ስለሚባክን እነዚህን 50 ጣውላዎች ለማውጣት ሁለት ሜትር ኩብ ግንድ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ወርዱ ግማሽ ሜትር፣ ቀጥ ያለው ቁመቱ አምስት ሜትር የሆነ ዛፍ ሁለት ያህል ነው። ጥቂት የፈረሱ አሮጌ ቤቶች ይህን ያህል በር፣ መስኮትና የቆጥ ሳንቃ ቢያወጡ ሁለት ዋንዛ ቆሞ ይውላል ማለት ነው።

አሮጌ እንጨት ደካማ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው። እንጨትን የሚያፈርሰው ግን እርጥበት፣ ከአፈር ጋር መነካካትና ነፍሳት እንጂ የዓመት ብዛት ብቻውን አይደለም። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ ተነባብሮ የተሠራ ነው። የተሠራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን እንጨቱ ዛሬም ቦታው ላይ ነው። ዋሻው ከዝናብ ከልሎታል። በአንጻሩ ትናንት የተቆረጠ ግንድ አፈር ላይ ተጥሎ ክረምት ቢያልፍበት በቀጣዩ ዓመት እንጉዳይ ያበቅላል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ለማደግ እርጥበት ይፈልጋል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ አይለማም።

ከዚህ ሌላ ለቤት ዕቃ ሲሆን አሮጌው ከአዲሱ የሚበልጥበት ነገር አለ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ባሕር ዛፍ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። ብዙ ወርክሾፖች ግን እንጨቱ እስኪደርቅ የሚጠብቁበት ገንዘብም ቦታም የላቸውም። ስለዚህ በእርጥብ ጣውላ የተሠራ ቁም ሣጥን በስድስት ወሩ በሩ አልዘጋ ይላል። በጣራ ሥር አርባ ዓመት የኖረ ሳንቃ ግን መኮማተሩንም መጣመሙንም ጨርሷል። የተጣመመው ተጣምሞ ስለሚታይ አናጺው ሊመርጥ ይችላል።

ጥቅሙ እንዳይጠፋ ሥራው ከቤቱ አፈራረስ መጀመር አለበት። አሁን ባለው ልማድ ደቦው መጥረቢያና ዲጅኖ ይዞ ይገባል፤ በግማሽ ቀን ቤቱ መሬት ይሆናል፤ ጣውላውም ተሰባብሮ ይወጣል። ትዕግሥት ያለው አፈራረስ አንድ ቀን ብቻ ይጨምራል። ቆርቆሮው ወይም ሣሩ ቀድሞ ይወርዳል፤ በርና መስኮቱ ከነመቃኑ ይነቀላል፤ የቆጡ ሳንቃ አንድ በአንድ ይነሣል፤ ምሰሶው በመጨረሻ ይወጣል። ምስማሩ በጉጠት እንጂ በመጥረቢያ ጀርባ እየተመታ መውጣት የለበትም። አፈር ውስጥ የነበረው የምሰሶው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል። ጥድና ወይራ ምስጥን በመቋቋም ስለሚታወቁ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ዝግባ ግን እንደዚያ አይደለም። ሲደርቅ ያማረ ቢሆንም ምስጥና እርጥበት ቶሎ ይደፍሩታል፤ ስለዚህ በደንብ ተመርምሮ ለቤት ውስጥ ዕቃ ብቻ መዋል አለበት።

የወጣው እንጨት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ቀጭን እንጨት ጣልቃ እየገባ ይደረደራል፤ ከላይ ቆርቆሮ ይለብሳል። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የሌለው ሰው አንድ ቁራጭ ወስዶ በየሳምንቱ በሚዛን ይመዝን። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ቅንቅን መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ደግሞ ሳንቃውን ጥቁር ጨርቅ ወይም ጆንያ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መምታት በቂ ነው። አዲስ ነጭ ዱቄት ከረገፈ ነፍሳቱ በሕይወት አለ፤ ያ እንጨት ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ምድጃ ቢሄድ አይቆጭም። ቀዳዳ ኖሮት ዱቄት የማያወጣ ከሆነ ግን የድሮ ቁስል ነው።

ከተማ ውስጥ ያሉ የእንጨት ማሽን ባለቤቶች አሮጌ ጣውላ ለመላግ ፈቃደኛ የማይሆኑበት ምክንያትም እዚሁ ላይ መነሳት አለበት። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ አንድ ምስማር የማሽኑን ስለት ያበላሻል፣ ሠራተኛም ሊያቆስል ይችላል። ስጋታቸው ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር ታስሮ በጣውላው ላይ ቢንሸራሸር ምስማሩ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል። ጣውላ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን አድርጎ ቢመጣ የማሽኑ ባለቤት ለመከልከል ምክንያት ያጣል።

ሁሉም አሮጌ እንጨት ግን ቤት አይገባም። የመብራትና የስልክ ምሰሶዎች እንዳይበሰብሱ በክሪዮሶት ወይም መዳብ፣ ክሮምና አርሰኒክ ባለበት መድኃኒት ይነከራሉ። አርሰኒክ መርዝ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ገበታ፣ የሕፃን አልጋ፣ የከብት ግርግም ወይም የንብ ቀፎ መሆን የለበትም። ለማገዶም አይሆንም፤ ጢሱና አመዱ ይጎዳል። በዚያ ላይ ምሰሶው የሕዝብ ንብረት ነው። በአሮጌ የቅባት ቀለም የተቀባ በርና መስኮትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮ ቀለሞች ሊድ የተባለውን ብረት ሊይዙ ስለሚችሉ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ብናኙን መተንፈስ በተለይ ለልጆች አደገኛ ነው። እያረጠቡ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ መቅበር፣ በሥራው ቦታ ልጆች እንዳይጫወቱ ማድረግ ያስፈልጋል። ከውጭ ዕቃ ተጭኖበት የሚመጣው የእንጨት መደብ፣ ነጋዴዎች ፓሌት የሚሉት፣ ጎኑ ላይ ማኅተም አለው። "ኤች ቲ" የሚሉት የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት የታከመ ነው፤ "ኤም ቢ" ካለበት ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት ዕቃ አይመረጥም።

የተረፈው እንጨት ምን ይሆናል ቢባል መልሱ ብዙ ነው። የበር ሳንቃ የጠረጴዛ ፊት ይወጣዋል። የጥድ ምሰሶ ተሰንጥቆ የአልጋና የጠረጴዛ እግር ይሆናል። ከቆርቆሮ ቤት ጣራ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሞራሌ ለአግዳሚ ወንበር፣ ለመደርደሪያና ለዶሮ ቤት ይበቃል። አጫጭሩ ቁራጭ በርጩማ ይሆናል። ጥሩ አናጺ አሮጌ እንጨትን በምስማር ብቻ አይገጥምም። የደረቀ እንጨት በምስማር ስለሚሰነጠቅ ወንዴና ሴቴ አውጥቶ በኮላ ያያይዘዋል። እንዲህ የተገጠመ ዕቃ ሲላላም ፈትቶ መጠገን ይቻላል። በከተማ ገበያ የሚሸጠው የቺፑድ ቁም ሣጥን ይህ ዕድል የለውም። ከታች ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ማጠፊያው የተቦረቦረበት ቦታ ይፈርሳል፣ ማንም አይጠግነውም። ወለሉ አፈር በሆነና በየጊዜው በሚለቀለቅ የገጠር ቤት ውስጥ ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ የገዙት ያውቁታል።

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚጠቅመው ሌላው ሥራ ቀፎ ነው። ለሽግግርም ለፍሬም ቀፎም የሚፈለገው ቀላል፣ የደረቀ፣ ሽታ የሌለው ጣውላ ሲሆን የአሮጌ ቤት ሳንቃ ይህን ሁሉ ያሟላል። በሽግግር ቀፎ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ከላይ የሚደረደሩት እንጨቶች ወርድ ነው። ለአገራችን ንብ 3.2 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከሰፋ ወይም ከጠበበ ንቧ እንጀራዋን አጣምማ ትሠራና ማሩ ሲቆረጥ ይፈርሳል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚጠብ ይህን ልክ አይጠብቅም። በአሮጌ ጣውላ የተሠራው ግን ልኩን ይዞ ይቆያል። ድንች አምራች በሆኑ ደጋማ ወረዳዎችም ብርሃን የሚያስገባው የዘር ድንች ማከማቻ መደርደሪያ ከዚሁ እንጨት ሊሠራ ይችላል። ለግርግምም እንዲሁ፤ ከላይ የተባለው መድኃኒት የተነከረ እንጨት እስካልሆነ ድረስ።

ገዢውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። "የአሮጌ ቤት ዋንዛ ነው" ተብሎ የቀረበለት አልጋ እውነት አሮጌ መሆኑን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል። ብረት ከእንጨት ጋር ለዓመታት ሲኖር በምስማር ቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ክብ ይተዋል፤ ይህ በአንድ ሳምንት የሚሠራ ምልክት አይደለም። ከአልጋው ሥር ወይም ከመሳቢያው ጀርባ ያልተላገ ቦታ ከተገኘ ቀለሙ የጠቆረ ወይም አመድ የመሰለ ይሆናል። ሁሉም ጎኑ ነጣ ያለ፣ ከባድና እርጥብ እርጥብ የሚል፣ አንድም የምስማር ቀዳዳ የሌለበት ዋንዛ አሮጌ ነው ቢባል ማመን ይከብዳል። ገዢው ዕቃውን መሬት ላይ አስቁሞ በሁለት እጁ ያወዛውዘው፣ መሳቢያውን ሦስት አራት ጊዜ ይክፈት ይዝጋ። አናጺውንም ጣውላውን ከየት እንዳገኘው ይጠይቀው።

ዋጋን በተመለከተ ግልጽ መሆን ይሻላል። አሮጌ እንጨት ሲገዛ ርካሽ ቢሆንም ምስማር መንቀል፣ መፋቅ፣ መምረጥና መቁረጥ ብዙ ጉልበት ይወስዳል። ስለዚህ የተሠራው ዕቃ ከአዲሱ ያን ያህል ላይረክስ ይችላል። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። በአዲስ ጣውላ ገንዘቡ ለግንዱና ለማጓጓዣው ይከፈላል፤ በአሮጌው ግን በአብዛኛው እዚያው ለሚሠራው እጅ ይከፈላል። ሥራ አጥ ወጣቶች በተደራጁባቸው ወረዳዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። የሙሽራ ወላጆች "ልጃችን በአሮጌ እንጨት አልጋ ተዳረች" መባልን ይፈራሉ። ይህን በስብሰባ መመሪያ መለወጥ አይቻልም። ሆኖም የአያት ገበታና ሙቀጫ፣ የአባት በርጩማ በየቤቱ በክብር ይቀመጣል። አያት ከተጋቡበት ቤት በር የተሠራ አልጋ ለልጅ ልጅ ሲሰጥ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ደህና ተልጎ ቫርኒሽ የጠጣ የአርባ ዓመት ዋንዛ ደግሞ መልኩ ራሱ ይመሰክራል።

ትልቁ የአሮጌ እንጨት ክምር የሚገኘው ግን በአርሶ አደሩ ግቢ አይደለም። በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጀርባ ነው። የተሰበረ ኮምባይንድ ዴስክ፣ እግሩ የወለቀ ጠረጴዛ፣ መሳቢያው የጠፋ ካቢኔት በሜዳ ላይ ተከምሮ ክረምት ከበጋ ይፈራረቅበታል። በዚያው ግቢ ተማሪዎች በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ ይታያል። ከክምሩ ውስጥ አንዱ ዴስክ የተሰበረው መቀመጫው ላይ ነው፤ ሌላው እግሩ ላይ፤ ሦስተኛው መጻፊያው ላይ። ከሦስቱ ሁለት ደህና ዴስክ ማውጣት ከአንድ አናጺ አቅም በላይ አይደለም። የሚከለክለው ዴስኩ በንብረት መዝገብ ላይ ስላለ ማንም እንዳይነካው መደረጉ ነው። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ዓመት ያልፋል፤ በመጨረሻ ጨረታ ሲወጣ እንጨቱ በጅምላ ይገመታል፤ በጅምላ የገዛውም ለማገዶ ይሸጠዋል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ በጀት አያስፈልግም። የንብረት ሥርዓቱ የተበጀው ሌብነትን ለመከላከል ስለሆነ መከበር አለበት። ነገር ግን ሥርዓቱ ከመጠገን አይከለክልም። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ከወላጅ፣ መምህርና ኅብረት ጋር ሆኖ የሚጠገነውን ከማይጠገነው ለይቶ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር፣ የሚጠገነው ወዲያው ወደ አናጺ ቢሄድ፣ የማይጠገነው ደግሞ በዓይነቱና በልኩ ተለይቶ ለጨረታ ቢቀርብ ትምህርት ቤቱም መቀመጫ ያገኛል፣ ጨረታውም ከማገዶ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት የደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ገና መቀመጫ በሚፈልጉበት ክልል ውስጥ በሌላው ወረዳ ዴስክ ሲበሰብስ ማየት ሊያሳፍር ይገባል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ድርሻ አላቸው። የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች ለመለማመጃ የሚሆን ጣውላ አነሰን ሲሉ ይደመጣል፤ በአጥር ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ የሚጠግንለት አጥቷል። ሠልጣኙ በአዲስ ጣውላ አንድ ወንበር ሠርቶ ከሚመረቅ ሃያ የተሰበረ ዴስክ ጠግኖ ቢመረቅ ከገበያው ጋር ይበልጥ ይተዋወቃል። የግዥ ባለሙያዎችም ጨረታ ሲያወጡ ዝርዝር መግለጫው ላይ "አዲስ ጣውላ" ብለው ከሚዘጉት ጥንካሬውን፣ ድርቀቱንና ልኩን ጽፈው ደረጃውን ያሟላ አሮጌ እንጨት እንዲቀርብ በር ቢከፍቱ የተደራጁ ወጣቶች ይወዳደራሉ። የኮሪደር ልማት በሚካሄድባቸው ከተሞች ከሚነሡ ቤቶች የሚወጣው በር፣ መስኮትና የጣራ እንጨትም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚሸጥበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። አሁን አብዛኛው ከፍርስራሹ አፈር ጋር ተደባልቆ ይጫናል።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። አሮጌ እንጨት ዋጋ ካገኘ "አሮጌ ነው" እያሉ በሌሊት የተቆረጠ ዋንዛ የሚያሳልፉ አይጠፉም። የኬላ ሠራተኛ ደግሞ የሚያየው የተጫነውን ጣውላ ነው፤ ከየትኛው ቤት እንደወጣ አያውቅም። ስለዚህ ወይ ሁሉንም ያሳልፋል፣ ወይ ሁሉንም ይይዛል። ሁለቱም ጉዳት ነው። በመጀመሪያው ዛፉ ያልቃል። በሁለተኛው የአባቱን ቤት በር ጭኖ የሚሄድ አርሶ አደር እንደ ደን መንጣሪ ይቆጠራል።

ለዚህ የሚሻለው ማስረጃው ከቤቱ አፈራረስ ላይ እንዲጀምር ማድረግ ነው። ቤት የሚያፈርስ ሰው ለቀበሌው ያሳውቅ፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ቦታው ላይ ተገኝቶ ስንት ሳንቃ፣ ስንት ምሰሶ፣ በምን ርዝመት እንደወጣ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ሁለት የጎረቤት ምስክሮች ይፈርሙበት። ወረቀቱ ከእንጨቱ ጋር ይሂድ። አናጺው ሲገዛ ቅጂውን ይያዝ፣ ኬላውም ቁጥሩን ከጭነቱ ጋር ያስተያይ። ከወረቀቱ የበዛ ጣውላ ከተገኘ የተረፈው ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይህን ለመጀመር የማንንም መመሪያ መጠበቅ የለበትም፤ ያለውን የይለፍ አሠራር ለአሮጌ እንጨት የሚስማማ ማድረግ ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ነጻ መሆን አለበት። ሌላ የአገልግሎት ክፍያና የሦስት ቀን ምልልስ የሚያስከትል ከሆነ አርሶ አደሩ ከመመላለስ መፍለጥን ይመርጣል።

አሮጌ ጣውላ የክልሉን የእንጨት ፍላጎት ይሸፍናል ብሎ የሚከራከር የለም። ሕዝብ ይጨምራል፣ ቤት ይሠራል፣ ስለዚህ የሚቆረጥ ዛፍ ይኖራል፤ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ የተከለ አርሶ አደርም ገበያ አያጣም። በአረንጓዴ አሻራ የተተከለው አገር በቀል ችግኝ ግን ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይቀሩታል። በእነዚህ ዓመታት የቀሩት ዋንዛዎች በቆሙበት እንዲቆዩ ከተፈለገ አናጺው ሌላ የሚሠራበት እንጨት ማግኘት አለበት።

ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። በትምህርት ቤትና በጽሕፈት ቤት ጀርባ የተከመረው እንጨት እስከ ግንቦት መጨረሻ ተለይቶና ተመዝግቦ ጣራ ሥር ካልገባ ዘንድሮም ዝናብ ይጠጣል። ጨረታውም ሆነ ጥገናው ቢዘገይ እንኳ ክምሩን ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ ከመጋዘን የተረፈ ቆርቆሮ ማልበስ የአንድ ቀን የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ሥራ ነው።